የሶላር ፓኔል እንክብካቤ ውል በአዳማ፦ እጥበቱ ይቅር፣ ፍተሻው ይቆይ

አዳማ ውስጥ በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ የተገጠሙ የሶላር ፓኔሎችን በዓመት ውል የሚያጥቡ፣ የሚፈትሹና ከንፋስ፣ ከዝናብና ከወፍ ለመከላከል የሚያስፈልገውን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ የአንድ ዓመት አገልግሎት ተጠቅሜ ውሉን እንዳድስ ስለተጠየቅሁ፣ ያየሁትን በጽሑፍ ማስቀመጡ ተመሳሳይ ውል ለመፈረም ለሚያስብ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ድርጅቱን በስም አልጠራውም፤ ጎረቤቶቼ ከሌሎች ጋር የተፈራረሙትን ውል ተውሼ ሳነበው ከእኔው ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል፣ የማመሰግነውም የምወቅሰውም አሠራሩን እንጂ አንድን ድርጅት ነጥዬ አይደለም። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ ድርጅቱ በማስታወቂያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው እጥበት የሚጠየቅበትን ገንዘብ አያወጣም፤ በውሉ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ብቻ የተጠቀሰው ፍተሻ ግን ብቻውን ሙሉውን ክፍያ ያካክሳል።

ቤቴ የተገጠመው ብዙ ሰው የሚያስገባው ዓይነት ነው። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ ስድስት ፓኔሎች በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ በአሉሚኒየም ሐዲድ ታስረዋል፤ የፓኔሉን ቀጥተኛ ጅረት ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን ኃይል የሚቀይር አንድ ባለ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና አንድ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ውሉ በዓመት ሁለት ጊዜ እጥበትን፣ አንድ ጊዜ ሙሉ ፍተሻን፣ ወፍ ከፓኔሉ ሥር እንዳይገባ የሚከለክል የሽቦ ወንፊትን፣ እንዲሁም ብልሽት ሲያጋጥም በስልክ ተጠርቶ የመምጣት ግዴታን ያካትታል። የዓመቱ ክፍያ የአንድ ፓኔልን የገበያ ዋጋ አይሞላም፣ ግማሹን ግን ይሻገራል፤ መለዋወጫ ካስፈለገ ለብቻው ይታሰባል።

ስለ እጥበቱ ለመፍረድ ቆሻሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አዳማ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለች ከተማ እንደመሆኗ አፈሯ አመድ የሚመስል፣ ቀላልና በትንሽ ንፋስ የሚነሳ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። ንፋሱን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት እዚህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ላይ ከተማዋ በጅቡቲ መስመር ላይ ስለምትገኝ ሌት ተቀን የሚያልፉት ከባድ መኪኖች የናፍጣ ጥላሸት ይጨምሩበታል። ደረቅ አቧራ ብቻውን ቢሆን ንፋሱ ራሱ ያመጣውን ያህል መልሶ ይወስድ ነበር፤ ጥላሸት ሲቀላቀልበት ግን ቅባትነት ያለው ስስ ሽፋን ይሆንና ጣት ቢያሳርፉበት ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ውሃ ብቻ ቢያፈሱበትም በቀላሉ አይለቅም።

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይህን ሁሉ ክረምቱ ይሠራዋል። ጣሪያው በቂ ተዳፋት ካለው የሐምሌ ዶፍ ከማንኛውም ብሩሽ የተሻለ ያጥባል፤ በእነዚህ ወራት ለእጥበት መክፈል ገንዘብን አሸንዳ ውስጥ መጣል ነው። የሚያስቸግረው ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ ነው፤ ከበጋውም በላይ የሚከፋው የበልጉ እንጥብጣቢ ነው። የየካቲትና የመጋቢት ካፊያ አቧራውን አርጥቦ ጭቃ የሚያደርገውን ያህል ይወርድና አጥቦ ሳይወስደው ያቆማል። ፀሐይ ወዲያው ስትወጣ ያ ጭቃ መስታወቱ ላይ ይጋገራል። የእኔ ውል የመጀመሪያውን እጥበት በነሐሴ መጨረሻ፣ ሁለተኛውን በየካቲት መጀመሪያ ያስቀመጠ ነበር። የነሐሴው ጨርሶ አላስፈላጊ ነበር፤ የየካቲቱ ደግሞ ካፊያው ከመጣሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ስለተደረገ ሳምንት ሳይቆይ ሥራው ከንቱ ሆነ። ድርጅቱ ለሐዋሳም ለደብረ ብርሃንም ለአዳማም አንድ የቀን መቁጠሪያ እንደሚጠቀም ስጠይቅ ነገሩኝ። የአየር ጠባያቸው ለየቅል የሆነ ከተሞች በአንድ መርሐ ግብር መታጠባቸው ለባለ ድርጅቱ ምቹ ሊሆን ይችላል፣ ለደንበኛው ግን አይደለም።

የፓኔሉ ተዳፋት ነገር ከአጣቢው ይልቅ ገጣሚውን የሚመለከት ቢሆንም እዚህ ላይ ማንሳቱ ተገቢ ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙም አትርቅም፤ በዚህ ምክንያት ፓኔልን ጋደም አድርጎ መትከል ከኃይል አንጻር ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው በንጽሕና በኩል ነው። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ተዳፋት ላይ ውሃው ከመስታወቱ ሙሉ በሙሉ አይወርድም፤ የአሉሚኒየሙ ፍሬም ከመስታወቱ በትንሹ ከፍ ስለሚል እንደ ግድብ ሆኖ በታችኛው ጠርዝ ላይ ያግደዋል። የእኔን ፓኔሎች ታችኛ ጠርዝ መሰላል ላይ ሆነው በቅርበት ሲያዩት ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቡናማ የደረቀ ጭቃ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታያል፤ በጥፍር ሲፍቁት እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሳል። መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ፓኔሉ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ያ ጭቃ የመጨረሻውን የሴሎች፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩትን ትናንሽ የፓኔሉ ክፍሎች፣ ረድፍ ይጋርዳል፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የተጋረዱት ጥቂቶቹ ከእነሱ ጋር በአንድ መስመር ያሉት ሁሉ የሚያሳልፉትን ጅረት ይገድባሉ። ለዚህ ጠርዝ ትኩረት የሚሰጥ አጣቢ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ከድርጅቱ የመጡት ልጆች መሀሉን አሳምረው ጠርገው ጠርዙን ገረፍ አድርገው ብቻ አለፉት፤ እንዲመለሱበት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የእጥበቱን አፈጻጸም በተመለከተ የምወቅሰው ሌላም አለ። ልጆቹ ለሁለተኛው እጥበት የመጡት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የፓኔሉ መስታወት እጅ አያስነካም፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ መስታወቱን በድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ለአደጋ ከማጋለጡም በላይ፣ ውሃው ሳይጠረግ ስለሚተን የያዘውን ጨው ሁሉ እዚያው ትቶ ይሄዳል። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መስታወቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ፣ ከጤዛውም ጋር ቆሻሻው ለስለስ ብሎ ሳለ ማጠብ ሥራውንም ያቀልላል፣ ውሃውንም ይቆጥባል። ይህን ስነግራቸው ሥራ የሚጀምሩት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እንደሆነ፣ የእኔ ቤትም በዕለቱ ሦስተኛ ተራ እንደነበረ ነገሩኝ። እንግዲህ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛው ሰዓት ለአንድ ቡድን በቀን ከአንድ ቤት በላይ አያዳርስም።

ውሃውም ያነጋግራል። ብሩሻቸው ጥሩ ነበር፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ፣ ውሃ በውስጡ እያሳለፈ የሚጠርግ። ውሃውን ግን ከግቢዬ ቧንቧ ነበር የቀዱት። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ንጣፍ ያየ ሰው እዚያው ነገር መስታወት ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተውም። ሳይጠረግ የተተወ ጠብታ ሁሉ ዙሪያው ነጭ የሆነ ነጥብ ይተዋል፤ ነጥቡ እየተደራረበ ሲሄድ በብሩሽ አይለቅም፣ በቀጠነ ኮምጣጤ እየነከሩ በጨርቅ ማሸት ይጠይቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የክረምቱን የጣሪያ ውሃ በሮቶ አጠራቅሞ ለበጋው እጥበት ማቆየት። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ስድስት ፓኔል ለማጠብ ጥቂት ባልዲ ከበቂ በላይ ነው፤ ጥላሸቱ አልለቅ ካለ ጥቂት ጠብታ የፈሳሽ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመርበታል። ኦሞና መሰል የዱቄት ሳሙና፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ አሸዋ፣ እንዲሁም የመኪና ማጠቢያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ባለ ከፍተኛ ግፊት ውሃ ከፓኔል አጠገብ መድረስ የለባቸውም። የመጀመሪያዎቹ የመስታወቱን ነጸብራቅ መቀነሻ ሽፋን ይፍቃሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ ውሃ በፍሬሙና በመስታወቱ መካከል ባለው መግጠሚያ በኩል እንዲሰርግ ያደርጋል።

ከልጆቹ አንዱ የላይኛውን ረድፍ ለመድረስ ጉልበቱን ፓኔሉ ላይ ሲያሳርፍ ደርሼበታለሁ። መስታወቱ የሰው ክብደት ይሸከማል፤ የማይሸከሙት ከሥሩ ያሉት ከወረቀት ብዙም የማይወፍሩ የሲሊኮን ሴሎች ናቸው። በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ስንጥቁ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ከዓመት ዓመት ይሰፋል፤ የጠፋው ኃይል ከማን እንደመጣም በኋላ የሚያረጋግጥ አይገኝም። «ልጄ ውረድ» ስለው ወዲያው ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ። ስልጠና ያልሰጠው አለቃው እንጂ እሱ አያስወቅስም።

ከእጥበቱ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን ያስቆጣል። የቡድኑ መሪ በኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ የታየውን ቁጥር አሳይቶ «ጋሼ፣ ሠላሳ በመቶ ጨምሯል» አለኝ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ንጽጽሩ ግን ውሃ አያነሳም። የፊተኛው ንባብ ቀጭን ደመና ባለፈበት ደቂቃ የተወሰደ ሲሆን፣ የኋለኛው የተወሰደው ደግሞ ፓኔሎቹ በቀዝቃዛ ውሃ ርሰው ገና ሳይደርቁ ነው። ፓኔል 550 ዋት ተብሎ የሚሸጠው ሴሎቹ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ላይ፣ ብርሃኑም በካሬ ሜትር 1000 ዋት ሆኖ ሲለካ ነው። ሙቀቱ ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ይቀንሳል። በአዳማ ቀትር ሴሎቹ 60 ዲግሪ ሲደርሱ የ35 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል፤ በ0.35 ቢባዛ 12 በመቶ አለፍ ይላል፤ ስለዚህ ያው ንጹሕ የ550 ዋት ፓኔል 480 ገደማ ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። እጥበቱ ያቀዘቀዘው ፓኔል ይህን መልሶ ለጥቂት ደቂቃ ሲያሳይ ደንበኛው የቆሻሻው መወገድ ውጤት ይመስለዋል። እውነተኛው ልዩነት የሚታወቀው ጥርት ባሉ ሁለት ተከታታይ ቀናት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ኢንቨርተሩ ባትሪው በመሙላቱ ምርቱን ባልቀነሰበት ሁኔታ ሲነጻጸር ነው። እኔ እንዲያ ሳነጻጽረው ጭማሪ ነበረ፤ ሠላሳ ቀርቶ የዚያን ግማሽም አልደረሰም።

ወደ ፍተሻው ስመጣ ግን ቃናዬ ይለወጣል። ለፍተሻ የመጣው ሌላ ሰው ነበር፤ ዕድሜው ጠና ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ። የመጀመሪያው ጥያቄው ገጣሚው የተወልኝ የሽቦ ሥዕል አለ ወይ የሚል ነበር። ቀጥሎ የወገብ ቀበቶውን ከጣሪያው ማገር ጋር አስሮ ወጣ። ስድስቱ ፓኔሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በመስመሩ ጫፍ ወደ 300 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ጅረት አለ፤ ይህ ደግሞ ብርሃን እስካለ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያ የማያውቅ ኃይል ነው። የቤቱን ቆጣሪ ማጥፋት ፓኔሉን አያጠፋውም። ጅረት እየሄደ ሳለ የፓኔል ኬብል መንቀል የማይቋረጥ የእሳት ብልጭታ ስለሚፈጥር፣ ሰውዬው አንድም ነገር ከመንካቱ በፊት የፓኔሉን ብሬከር (ጅረት ማቋረጫ) አውርዶ፣ ጅረት አለመኖሩን በሚለካ መሣሪያ አረጋግጦ ነው የጀመረው። ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ባለሙያ ጣሪያዬ ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ብሬከሩን ከማውረዱ በፊት ግን አንድ ሥራ ሠርቷል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ ሥርዓቱም ሙሉ ጭነት ተሸክሞ፣ ሁሉንም ፓኔልና ማገናኛ በሙቀት ካሜራ አየ። በካሜራው ላይ ጤነኛው ፓኔል አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ ይታያል። በአራተኛው ፓኔል ላይ ግን አንዲት ጥፍር የምታህል ደማቅ ነጥብ ነበረች፤ እዚያ ቦታ የደረቀ የእርግብ ኩስ ተገኘ። የተጋረደ ሴል ኃይል ማመንጨቱን ያቆምና ሌሎቹ ያመነጩትን ወደ ሙቀት የሚቀይር ምድጃ ይሆናል። በፓኔሉ ጀርባ ባለችው ሣጥን ውስጥ ያሉት ሦስት ዳዮዶች፣ ማለትም ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ትናንሽ ዕቃዎች፣ ችግር ያለበትን ሲሶ ነጥለው ጅረቱን በሌላ በኩል ያሳልፉታል፤ ይህ እሳት ከመነሳት ያድናል፣ ሲሶው ኃይል ግን እስኪጸዳ ድረስ ይቀራል። በመላው ፓኔል ላይ እኩል የተነሰነሰ አቧራ ከዚህች አንዲት ነጥብ ያነሰ ጉዳት የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜ የሌለው ሰው አቧራውን ትቶ ኩሱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ቢያነሳ ትልቁን ሥራ ሠርቷል።

የክፍያዬን ያህል ያገኘሁት ግን ከፓኔሉ ሥር ነው። ባለሙያው ካሜራውን ወደ አንድ ማገናኛ አዙሮ «ይህቺን ይመልከቱልኝ» አለኝ፤ ከጎኗ ካለችው ጓደኛዋ በብዙ ዲግሪ የምትበልጥ ሙቀት ነበራት። ብሬከሩን አውርዶ ሲፈታት የጥቁሩ ፕላስቲክ አፍ ተኮማትሮ፣ በውስጡ ያለው የብረት ፒን ወደ ቡናማ ሰማያዊ ተቀይሮ፣ ኬብሉም ሲጎተት እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ሁለቱ ግማሾች የተለያየ ፋብሪካ ሥራ መሆናቸውን አሳየኝ። ወንዴውና ሴቴው ኤም ሲ ፎር የሚባለው አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላላቸው ይገጣጠማሉ፤ ነገር ግን ልኬታቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ ውስጡ ያለው ብረት በሙሉ አይነካካም፣ ውሃ መከልከያው ጎማም በደንብ አይዘጋም። ያ ክፍተት በበጋ አቧራ፣ በክረምት ርጥበት ያስገባል፤ መጨረሻው በቆርቆሮና በእንጨት ማገር መካከል የሚነሳ እሳት ነው። ጥንዱን ቆርጦ በአንድ ዓይነት ማገናኛ ተካው፤ ኬብሉን በሚጨፈልቅበት ጊዜም ፒንሳ ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የተሠራውን መቆንጠጫ ነበር የተጠቀመው። ፓኔል ማጠብ ማንም ሰው ይችላል፤ ይህን ማየት የሚችለው ግን ዐይኑ የለመደና መሣሪያው ያለው ብቻ ነው።

የንፋሱ ጉዳትም እዚያው ከሥር ነበር። ሦስት ቦታ ላይ ኬብሉን ከሐዲዱ ጋር ያሰረው የፕላስቲክ ማሰሪያ በፀሐይ ተሰባብሮ ኬብሉ ቆርቆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። በአዳማ ንፋስ ኬብል በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ቀን ከሌት ሲፋተግ ሽፋኑ የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ነው። ባለሙያው ማሰሪያዎቹን በማይዝግ ብረት ቅንጥብ ለወጣቸው። የፓኔሉን መያዣ ብሎኖች ሁሉ በልክ በሚያጠብቅ ቁልፍ ፈተሸ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር። ብሎን ሲላላ «ጥርቅም አድርጎ ማሰር» የሚለው የአካባቢያችን መፍትሔ እዚህ አይሠራም፤ ከልኩ በላይ የጠበቀ መያዣ የመስታወቱን ጠርዝ ያስጨንቃል፣ ጠርዝ ደግሞ የመስታወቱ ደካማ ጎን ነው። ቆርቆሮው የተበሳባቸውን ቦታዎች ጎማና ማሸጊያም አይቶ የደረቁትን ቀየረ፤ ይህ ከግንቦት ማለፍ የሌለበት ሥራ ነው፣ የሶላር ጣጣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኮርኒስ ላይ ከሚታይ የውሃ ጠባሳ ነውና።

መብረቅን በተመለከተ ሰውዬው ያለኝን እዚህ ማስፈሩ ይጠቅማል። መብረቅ የሚያመጣውን ድንገተኛ የቮልቴጅ መጨመር የሚገታው የሰርጅ መከላከያ ትንሽ መስኮት አረንጓዴ ከሆነ ይሠራል፣ ቀይ ከሆነ ሥራውን ጨርሶ ሞቷል፤ ይህን የቤቱ ባለቤት ራሱ ከእያንዳንዱ ከባድ ነጎድጓድ በኋላ ሊያየው ይችላል። መከላከያው ግን ጉልበቱን የሚያፈስበት ጥሩ የመሬት ሽቦ ከሌለው ጌጥ ነው። የመሬት ሽቦን ብዙዎች በክረምት ይለኩና ጥሩ ነው ይላሉ፤ አፈሩ ርሶ ስለሆነ ንባቡ ያማልላል። እንደ አዳማ ያለ ውሃ የማይዝ አፈር በበጋ ሲደርቅ ያው ሽቦው የታሰረበት መሬት ውስጥ የተተከለ ዘንግ ሌላ ቁጥር ይሰጣል፤ መለካት ያለበትም በዚያን ጊዜ ነው። የእኔ ንባብ ደካማ ሆኖ በመገኘቱ ተጨማሪ ዘንግ ተተክሎ ከፊተኛው ጋር ተያያዘ። ባዶው የመዳብ ሽቦ በቀጥታ የአሉሚኒየሙን ፍሬም የነካበት ቦታም ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት አውጥቶ ነበር፤ መዳብና አሉሚኒየም ርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ስለዚህ በመካከላቸው ሁለቱን የሚያስማማ መግጠሚያ ገባ።

ድርጅቱ በተጨማሪ ክፍያ ሊሸጥልኝ ከሞከራቸው ሁለት ነገሮች አንዱ አቧራ አያስይዝም የተባለ የሚረጭ ፈሳሽ ነው። አልገዛሁትም። ፓኔሉ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ሽፋን አለው፤ በላዩ ላይ አምራቹ የማያውቀውን ነገር መርጨት ዋስትናን ሊያሳጣ ይችላል፣ ሻጩም በጽሑፍ ኃላፊነት አልወስድም ብሏል። ሁለተኛው ከበረዶ የሚከላከል የሽቦ መረብ ነበር። ዕውቅና ያለው ፓኔል አይ.ኢ.ሲ 61215 በተባለው ዓለም አቀፍ የፓኔል መፈተኛ ደረጃ መሠረት 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የበረዶ ኳስ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት በተለያዩ 11 ቦታዎች ተተኩሶበት ካልተሰበረ ነው የሚያልፈው። ከዚህ የሚብስ በረዶ በደጋው አገር አይጠፋም፤ አዳማ ላይ ግን ለእሱ ብሎ ዓመቱን ሙሉ በየሴሉ ላይ የሽቦ ጥላ መጣል ከበሽታው መድኃኒቱ የባሰ ነው። የሚሻለው ሲገዙ የምስክር ወረቀቱን ጠይቆ ማየት ነው፤ በተለይ ምልክት የሌለውን ርካሽ ፓኔል ለሚገዛ ሰው።

የወፍ መከላከያው ወንፊት ግን በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል። ፓኔሉን ሳይበሱ ፍሬሙን በሚቆነጥጡ መያዣዎች ነው የተገጠመው፤ አየር የሚያሳልፍ በመሆኑም ፓኔሉን አያፍነውም። እርግቦቹ ከሥር መፈልፈል አቁመዋል፤ አይጥም ኬብል እንዳትበላ ይከለክላል። በታችኛው በኩል ቅጠል ሲጠራቀምበት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

በውሉ ውስጥ ጨርሶ ያልተጠቀሰው የኢንቨርተሩ ነገር ነው። ፓኔሉን አሳጥቦ ኢንቨርተሩን አቧራ ውስጥ መተው የተለመደ ነው። የማቀዝቀዣው አየር የሚገባበት ማጣሪያ ሲደፈን መሣሪያው ራሱን ለማዳን ምርቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በፓኔሉ ላይ ያሳብባል። ባለሙያው ስለጠየቅሁት ብቻ ከፍቶ አሳየኝ፤ ማጣሪያው ላይ የተጋገረው አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነስቶ ወጣ። ይህ በየወሩ በቤተሰብ ሊሠራ የሚችል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ማጣሪያውን አውጥቶ፣ አራግፎ መመለስ።

የወረቀት ሥራቸው ደካማ ነው። የሙቀት ካሜራው ምስሎች በስልኬ እንዲላኩልኝ ለማድረግ ደጋግሜ መደወል ነበረብኝ፤ የተለኩት ቁጥሮች የሰፈሩበት ሪፖርት የደረሰኝም ቆይቶ ነው። ያለ ሪፖርት የዘንድሮውን ከአምናው ማነጻጸር አይቻልም፤ የፓኔሉ አምራች ዋስትና ቢጠየቅም የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም። ውሉ ሠራተኞቻቸው ለሚሰብሩት ፓኔል ወይም ለሚያጎብጡት ቆርቆሮ ማን እንደሚከፍል የሚገልጽ አንቀጽም የለውም። ይህንን በጽሑፍ ሳያስገቡ መፈረም አይመከርም፤ ጥያቄውን ሳነሳ «እኛ አለንልዎ» የሚል መልስ ነበር የተሰጠኝ፣ ማኅተም ያረፈበት ግን አልነበረም።

የእድሳቱ ድርድር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም እጥበቶች እንዲወጡ፣ ፍተሻው በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እንዲደረግ፣ ዋዜማውንም ሆነ የዕለቱን ማለዳ ፓኔሎቹን እኔ አጥቤ እንድጠብቃቸው፣ የመሬት ሽቦው ንባብና የካሜራው ምስል በሦስት ቀን ውስጥ እንዲሰጠኝ፣ የስብራት ኃላፊነትም በአንቀጽ እንዲሰፍር ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ ፍተሻ ብቻውን እንደማይሸጥ ነግረውኝ ነበር፤ በኋላ በቀድሞው ክፍያ ግማሽ ለመሥራት ተስማምተዋል፣ የስብራቱን አንቀጽ ግን ገና ከአለቃቸው ጋር እየተነጋገሩበት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ ወይም ቁልቁለቱ የበዛ ቤት ያለው፣ መሰላል ላይ መውጣት የሚከብደው ወይም ከአገር ውጭ ሆኖ ለወላጆቹ ሶላር ያስገጠመ ሰው ሙሉውን ውል ቢይዝ አልቃወምም፤ የእጥበቱን ወር ከነሐሴ ወደ ታኅሣሥ፣ ከየካቲት መጀመሪያ ወደ መጋቢት መጨረሻ ማስለወጥና ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት እንዲሆን ማስጻፍ ግን ይኖርበታል።